የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒት ሙከራዎች ከወረኢሉ ሆነው ሲመረመሩ

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ከመካከላችን ሦስታችን ወደ ወረኢሉ በሄድንበት ጊዜ፣ የወፍ በሽታ በማከም በአካባቢው ስማቸው የታወቀ አንድ አዛውንት ቤት ገብተን ለመጠየቅ ዕድል አግኝተን ነበር። አዛውንቱ ባናቸውን ደርበው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ የጠየቅናቸውን ሁሉ ሳይሰለቹ መለሱልን። መድኃኒታቸው ከቆላ የሚያስመጡት የስሚዛ ቅጠል ነው። ከምን ጋር እንደሚቀምሙት ግን አልነገሩንም፤ እኛም አልተጫንናቸውም።

«አያ፣ እስካሁን ስንት ሰው አክመዋል?» አልናቸው።

«ልጆቼ፣ ይህ ይቈጠራል? ከጃማም ይመጣል፣ ከከላላም ይመጣል።»

«ከነዚህ ሁሉ ያልዳነ አለ?»

«ያልዳነ ተመልሶ መጥቶ አላየሁም» አሉን።

ከቤታቸው ወጥተን ስንሄድ ከመካከላችን አንዱ በመልሳቸው ሳቀ። ሌላው ግን፣ «በሕክምና መጽሔት ላይ ከመቶ 99 ዳኑ የሚል ስናነብ ሳንስቅ የምናምነው ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው በመጀመሪያ ቀላል መስሎን ነበር። ወደ ኮሌጃችን ተመልሰን ስለ ሄፓታይተስ ሲ መድኃኒቶች የታተሙትን ዋና ዋና ሙከራዎች እያነበብን በተከራከርን ቍጥር ግን እየከበደ ሄደ፤ ይህም ጽሑፍ የዚያ ክርክር ፍሬ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አስቀድመን ለአዛውንቱ ፍርድ እናድርግ። የሰው ዐይን ቢጫ ሲሆን ሕዝቡ «ወፍ ነው» ይላል። በአገራችን እንዲህ ያለውን ድንገተኛ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚያመጡት በምግብና በውሃ የሚተላለፉት ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ ናቸው፤ እነዚህንም የአብዛኛው ሰው ሰውነት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ራሱ ያስወግዳቸዋል። ስለዚህ ስሚዛም ይሰጥ፣ ጠበልም ይጠጣ፣ ምንም አይሰጥ፣ ሕመምተኛው በአብዛኛው ይድናል። አዛውንቱ አልዋሹም። የጐደላቸው ነገር ቢኖር መድኃኒቱን ሳይወስዱ የተቀመጡ ሰዎችን ከወሰዱት ጋር የማነጻጸር ዘዴ ነው። ሁለተኛም ጉድለት አለ፤ ወደ እርሱ በኋላ እንመለሳለን።

ሄፓታይተስ ሲ ጠባዩ ሌላ ነው። በደም ይተላለፋል፤ ባልተቀቀለ መርፌ፣ ባልተመረመረ ደም፣ ለንቅሳትና ለዋግምት ወይም እንጥል ለመቍረጥ ከሰው ወደ ሰው በሚዘዋወር ስለትም ሊተላለፍ ይችላል። ሲገባ ብዙውን ጊዜ ዐይንን ቢጫ አያደርግም፤ ስለዚህ የያዘው ሰው ወደ ወፍ መድኃኒተኛ የሚሄድበት ምክንያት አይኖረውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከተያዙት ውስጥ ከመቶ 30 ያህሉ በስድስት ወር ውስጥ ከቫይረሱ ነጻ ሲሆኑ በቀሩት ላይ ግን ሥር ይሰዳል፤ ከነዚህም ከመቶ ከ15 እስከ 30 የሚሆኑት በ20 ዓመት ውስጥ ጉበታቸው ጠባሳ ይሆናል። በኢትዮጵያ የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስቦ በ2016 የታተመ አንድ ትንተና የሄፓታይተስ ሲን ስርጭት ከመቶ 3.1፣ የሄፓታይተስ ቢን ደግሞ ከመቶ 7.4 አድርጎ አስቀምጦታል። ሁለተኛውን ቍጥር አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን።

አሁን ወደ ሙከራዎቹ እንለፍ። የመጀመሪያዎቹን በአጭሩ እናልፋቸዋለን፤ በወረኢሉ ሰው ሕይወት ላይ ያመጡት ለውጥ የለምና። በ1986 ዶክተር ሆፍናግልና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ አገር ኢንተርፌሮን የተባለውን መድኃኒት በ10 ሕሙማን ላይ ሲሞክሩ ቫይረሱ ገና አልታወቀም ነበር፤ ስሙም «ኤ ያልሆነ፣ ቢም ያልሆነ» ይባል ነበር። ቫይረሱ የተገኘው በ1989 ሲሆን፣ ለዚህ ሥራ ሃርቪ ኦልተር፣ ማይክል ሆውተንና ቻርልስ ራይስ በ2020 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ከዚያ በኋላ ኢንተርፌሮን ከሪባቪሪን ጋር ተጣመረ፤ በ1998 በታተመው የማክሃቺሰን ሙከራ 48 ሳምንት ኢንተርፌሮን ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 13፣ ሁለቱን አጣምረው ከወሰዱት ደግሞ ከመቶ 38 ዳኑ። በ2002 በተሻሻለው ኢንተርፌሮን ከመቶ 56 ደረሰ። ይህ ሁሉ ማለት ግን ለአንድ ዓመት ያህል በመርፌ የሚሰጥ፣ በማቀዝቀዣ የሚቀመጥ፣ ትኩሳት፣ የደም ማነስና ከባድ ትካዜ የሚያመጣ ሕክምና ነው። የ1998ና የ2002 ሙከራዎች አሠራር ጥሩ ነበር፤ ሕሙማኑ በዕጣ ተከፍለው እርስ በርስ ተነጻጽረዋልና። ከዚያ ወዲህ ከመጡት ከአንዳንዶቹ ይልቅ በአሠራር እነርሱ ይሻላሉ ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ምክንያቱን እንናገር። በ2013 ሶፎስቡቪር የተባለውን ክኒን ያስተዋወቀው ኒውትሪኖ የተሰኘው ሙከራ 327 ሕሙማን ነበሩት፤ ማነጻጸሪያ ቡድን ግን አልነበረውም። ከመቶ 90 ዳኑ ተባለ፤ የተነጻጸረውም ከዚያ በፊት ከነበረው ሕክምና ከተወሰደ ከመቶ 60 ከሚል ቍጥር ጋር ነው። አንዳንዶቻችን ይህን ስናነብ «እንግዲያውስ ከአዛውንቱ በምን ተለየ?» አልን። ክርክሩ ረዥም ነበር፤ በመጨረሻ የተስማማንበት ግን ይህ ነው፦ ማነጻጸሪያ የሚያስፈልገው በሽታው በራሱ የሚሄድ ሲሆን ነው። ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ሲ በራሱ የሚሄደው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በ2015 የታተመው አስትራል 1 የተባለው ሙከራ ይህን በግልጽ አሳይቷል፤ መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት 116 ሕሙማን አንድም የዳነ አልተገኘም፤ ሶፎስቡቪርንና ቬልፓታስቪርን ለ12 ሳምንት ከወሰዱት 624 ሕሙማን ግን 618ቱ ዳኑ። ከመቶ 99 የሚለው ቍጥር የመጣው ከዚህ ነው። በዚህ በኩል ለመጽሔቱ ያለን እምነት አልተናወጠም።

«ዳኑ» ስንል ምን ማለታችን ነው? በነዚህ ሙከራዎች ሁሉ መዳን ማለት ሕክምናው ካበቃ ከ12 ሳምንት በኋላ፣ በቀድሞዎቹ ደግሞ ከ24 ሳምንት በኋላ፣ ቫይረሱ በደም ውስጥ አለመገኘቱ ነው። ሰውየው ዕድሜው ረዘመ ወይ፣ ከጉበት ካንሰር ተረፈ ወይ የሚለውን ሙከራዎቹ አልጠየቁም። የኮክሬን ገምጋሚዎች በ2017 138 ሙከራዎችንና 25,232 ተሳታፊዎችን መርምረው፣ እነዚህ መድኃኒቶች ሞትን መቀነሳቸው በሙከራዎቹ አልተረጋገጠም ሲሉ ጻፉ። የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት በቍጣ መለሱላቸው። እኛ ሁለቱንም ወገን አንብበናል። ገምጋሚዎቹ በጠባቡ ትክክል ናቸው፤ 12 ሳምንት የሚቈይ ሙከራ ከ20 ዓመት በኋላ ስለሚመጣ ሞት ሊናገር አይችልም። ነገር ግን ካልተነገረው ተነሥቶ ጥቅም የለውም ወደሚል ስሜት አንባቢን መምራት ሌላ ነገር ነው። በ2019 በፈረንሳይ አገር 9,895 ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ የመሞት ዕድል በግማሽ ያህል ቀንሶ እንደተገኘ አስታውቋል። ይህ በዕጣ የተከፈለ ሙከራ አይደለም፤ ይሁንና ዛሬ መድኃኒቱን ከግማሹ ሕሙማን ነፍጎ ሃያ ዓመት መጠበቅ ማንም ሕሊና ያለው ሰው የሚያደርገው አይደለም። ስለዚህ በዚህ ረገድ ትችቱን አንቀበለውም።

እውነተኛው ችግር ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ጽሑፋችንን ለማዘጋጀት ያነሣሣንም ይህ ነው። ያ ከመቶ 99 የነማን ነው? አስትራል 1 የተካሄደው በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በአውሮፓ አገሮችና በሆንግ ኮንግ ነው። ከአፍሪካ አንድም ጣቢያ አልነበረበትም።

እዚህ ላይ አንባቢ «ቫይረሱ ያው ቫይረስ አይደለም ወይ?» ይለን ይሆናል። አይደለም። ሄፓታይተስ ሲ በቍጥር የሚጠሩ ዋና ዋና ዝርያዎች አሉት፤ እያንዳንዱም በፊደል የሚለዩ ንዑሳን ዝርያዎች አሉት። ዝርያ ማለት የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሶፎስቡቪርና ሪባቪሪን በ2013 ፊሽን በተባለው ሙከራ ለ12 ሳምንት ሲሰጡ በሁለተኛው ዝርያ ከመቶ 97፣ በሦስተኛው ግን ከመቶ 56 ብቻ አድነዋል። የሁለቱን አማካይ ብቻ ያየ ሰው ይህን ልዩነት ከቶ አያውቀውም ነበር።

በኢትዮጵያስ የትኛው ነው? በ2017 ጋዲሳ በዳዳ ሁንዲና ባልደረቦቹ ከኢትዮጵያ የተገኙ ቫይረሱ ያለባቸውን 49 የደም ናሙናዎች መርምረው፣ ከመቶ 77.6 የሚሆኑት ዐራተኛው ዝርያ ሆነው አግኝተዋቸዋል። ከንዑሳን ዝርያዎቹ መካከል 4ዲ እና 4አር እኩል ሆነው እያንዳንዳቸው ከመቶ 34.7 ይዘዋል፤ ማለትም እያንዳንዳቸው 17 ናሙና መሆናቸው ነው። አርባ ዘጠኝ ናሙና ጥቂት ነው። ስለ አንድ ሰፊ አገር፣ ይልቁንም ስለ ወረኢሉና ስለ ቦረና ደጋ እንዲመሰክር መጠየቅ ግፍ ይሆንበታል። ነገር ግን ካለው መነሣት ግድ ነው።

አስትራል 1 ውስጥ የዐራተኛው ዝርያ ሕሙማን ቍጥር 116 ነበር (ከላይ ካየነው ከማስመሰያው ቡድን ቍጥር ጋር መግጠሙ እንዲያው አጋጣሚ ነው)፤ ሁሉም ዳኑ። መቶ በመቶ! ይህን ያነበበ ሐኪም «ለኢትዮጵያ ተፈታ» ብሎ ሊደሰት ይችላል። ነገር ግን «ዐራተኛው ዝርያ» የሚለው ስም ሰፊ ጃንጥላ ነው። በግብጽ በብዛት የሚገኘው 4ኤ ሲሆን፣ እርሱም በዚያ አገር የተስፋፋው ለብልሃርዝያ ሕክምና ለዓመታት በዘመቻ በተሰጡ መርፌዎች ምክንያት መሆኑ የታወቀ ነው። 4አርን ከ4ኤ ጋር በአንድ ቍጥር ሥር ማስቀመጥ፣ የደጋ ገብስንና የቆላ ማሽላን «እህል» ብሎ በአንድ ዋጋ እንደ መሸጥ ነው።

ይህን የገለጠልን የሩዋንዳ ሙከራ ነው። በኪጋሊ በሩዋንዳ ወታደራዊ ሆስፒታል የተካሄደውና በ2019 የታተመው ሼርድ የተባለው ሙከራ 300 ሕሙማንን በሌዲፓስቪርና በሶፎስቡቪር አክሞ 261ዱን፣ ማለትም ከመቶ 87 የሚሆኑትን አድኗል። ጸሐፊዎቹ በዚህ ቢያቆሙ ኖሮ ጥሩ ውጤት ተብሎ ይታለፍ ነበር። አላቆሙም፤ ንዑሳን ዝርያዎቹን ለያዩ። 4አር ከያዛቸው 48 ሕሙማን የዳኑት 27 ብቻ ሆኑ፤ ከመቶ 56። ከቀሩት 252 ግን ከመቶ 93 ድነዋል። ካልዳኑት 39 ሰዎች 21ዱ ከነዚያ ከ48ቱ የመጡ መሆናቸው ነው። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ አገር የወጣ ጥናትም፣ ሕክምናው ካልሠራላቸው የዐራተኛው ዝርያ ሕሙማን መካከል 4አር ደጋግሞ እንደተገኘ አስታውቋል። ምክንያቱ ይታወቃል፤ ሌዲፓስቪር የሚመታው ኤን ኤስ 5 ኤ የተባለውን የቫይረሱን ፕሮቲን ሲሆን፣ 4አር በዚህ ፕሮቲን ላይ መድኃኒቱ እንዳይዘው የሚያደርጉ ለውጦችን ከተፈጥሮው ይዞ ይገኛል።

የሩዋንዳን ውጤት በ49ኙ የኢትዮጵያ ናሙናዎች ልክ ብናሰላው የሚወጣው ከመቶ 80 ገደማ ነው። ይህ ሻካራ ስሌት ነው፤ ማንም እንደ ጥናት ውጤት እንዳይጠቅስብን እናስጠነቅቃለን። በተጨማሪም ፍትሐዊ ለመሆን፣ በሩዋንዳ የተሰጠው ሌዲፓስቪር እንጂ ቬልፓታስቪር አይደለም፤ ቬልፓታስቪር በቤተ ሙከራ የበለጠ ኃይል አለው። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 «ለዝርያዎች ሁሉ የሚሠሩ» ብሎ ካቀረባቸው ጥምሮች ውስጥ ርካሹ፣ ሶፎስቡቪር ከዳክላታስቪር ጋር፣ የሚመታው ያንኑ ኤን ኤስ 5 ኤ ነው። «ለዝርያዎች ሁሉ» የሚለው ቃል እኛን የማያሳምነን በዚህ ምክንያት ነው። ቃሉ የተሰጠው በሙከራው ውስጥ ለነበሩት ዝርያዎች ነው።

በዚህ ላይ የሚያጽናና ነገር አለ። በ2022 የሩዋንዳ ተመራማሪዎች በመጀመሪያው ሕክምና ላልዳኑ 40 ሰዎች ሦስት መድኃኒቶችን፣ ማለትም ሶፎስቡቪርን፣ ቬልፓታስቪርንና ቮክሲላፕሬቪርን አጣምረው ሰጥተው 39ኙ ድነዋል። ስለዚህ 4አር የማይድን አይደለም፤ እንዲድን ግን አለመዳኑ መታወቅ አለበት።

አንባቢ እንዲይዝልን ወደ ለመንነው ቍጥር፣ ወደ ሄፓታይተስ ቢ፣ አሁን እንመለስ። አስትራል 1ን ጨምሮ አብዛኞቹ ሙከራዎች ሄፓታይተስ ቢ ያለበትን ሰው አይቀበሉም ነበር። ለተመራማሪ ይህ ንጹሕ አሠራር ነው። ነገር ግን መድኃኒቶቹ ለሕዝብ ከቀረቡ በኋላ፣ ሲ ሲጠፋ ተኝቶ የነበረው ቢ የሚነሣባቸው ሰዎች ታዩ፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ቍጥጥር መሥሪያ ቤት እስከ 2016 አጋማሽ 24 እንዲህ ያሉ ሕሙማን ተመዝግበው ሁለቱ መሞታቸውን ገልጾ፣ በዚያው ዓመት በጥቅምት በመድኃኒቶቹ ላይ ከባዱን የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ አስለጥፏል። ከሲ ይልቅ ቢ በበዛበት አገር ከሙከራው በር የተመለሰው ሰው ጎረቤታችን ነው። ስለዚህ በእኛ አገር ሄፓታይተስ ቢን ሳይመረምሩ የሲን ክኒን መስጠት ተገቢ አይደለም እንላለን፤ የቢ መመርመሪያ ደግሞ ርካሽና ፈጣን ነው።

ስለ ዋጋ ብዙ አንልም። በ2013 በአሜሪካ የአንድ ሰው የ12 ሳምንት ሶፎስቡቪር 84,000 ዶላር ነበር፤ በ2014 ለሕንድ ፋብሪካዎች ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ91 አገሮች እንዲሠሩ ፈቃድ ተሰጠ፤ በ2023 ለድኻ አገሮች የተነገረው የሶፎስቡቪርና የዳክላታስቪር ዋጋ 60 ዶላር ያህል ደርሷል። እንዲህ ያለ የዋጋ መውደቅ በመድኃኒት ታሪክ ብዙ ጊዜ አልታየም።

ዋጋው ሲወድቅ ግን የምርመራው ወጪ ከመድኃኒቱ በላይ ሆነ፤ ስለዚህ ምርመራ ይቀነስ የሚል ሐሳብ መጣ። ዝርያ መለየት ይቅር ተባለ፤ በዚህ እንስማማለን፤ ከአቀስታ ወይም ከመካነ ሰላም የመጣን ገበሬ ደሙ ወደ ሩቅ ቤተ ሙከራ ሄዶ እስኪመለስ ወራት ማስጠበቅ ማለት ሕክምናውን መከልከል ነውና። ይሁን እንጂ ከ12 ሳምንት በኋላ የሚደረገው የመጨረሻ ምርመራም ይቅር፣ መድኃኒቱ ከመቶ 99 ያድን የለ ወይ የሚል ክርክር ሲቀርብ እንሰማለን። በዚህ ላይ አጥብቀን እንቃወማለን። ከመቶ 99 የተባለው ቍጥር የተገኘው እያንዳንዱ ሰው በ12ኛው ሳምንት ደሙ ስለታየ ነው። ይልቁንም በነዚያ ሙከራዎች በቀጠሮው ያልመጣ ሰው የሚቈጠረው ካልዳኑት ጋር ነው። ከአዛውንቱ የሚለያቸው ሁለተኛው ነገር ይህ ነው፤ ለእርሳቸው ያልተመለሰ ሁሉ ድኗል። የ12ኛውን ሳምንት ምርመራ ያስቀረ የሕክምና ፕሮግራም ነጭ ካፖርት ቢለብስም አቈጣጠሩ የእርሳቸው ነው።

የዚህን ጕዳይ ከባድነት በወረኢሉ ካየነው እንጨምር። አንዲት እናት ከጥቂት ዓመታት በፊት በፈጣን መመርመሪያ «የጉበት ቫይረስ አለብሽ» ተብላ፣ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ዛሬ መኖር አለመኖሩ ሳይመረመር ተሰናብታለች። ያ ፈጣን መመርመሪያ የሚያሳየው ሰውነት ከቫይረሱ ጋር አንድ ጊዜ መገናኘቱን ብቻ ነው፤ ከላይ እንዳልነው ከመቶ 30 ያህሉ በራሳቸው ይድናሉ። ሴትዮዋ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከልጆቿ ጋር በአንድ መሶብ መቅረብ ትታለች፤ በሽታው በመሶብ እንደማይተላለፍ የነገራት ሰው አልነበረም። የት እንደተመረመረች መናገር አያስፈልግም፤ በአንድ ቦታ ብቻ የሚሆን አይደለምና። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በየሆስፒታሉ የተተከለው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ተስማሚው ካርትሪጅ ከቀረበለት የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስንም ይለካል። በ2021 ጦርነት ጊዜ በደቡብ ወሎ የብዙ ጤና ተቋማት መሣሪያ መዘረፉን አንረሳም፤ ቢሆንም እንዲህ ያለው መሣሪያ ባለበት ሁሉ የጐደለው ካርትሪጁና ትእዛዙ እንጂ አዲስ ሕንጻ አይደለም።

እንግዲህ በደሴም ሆነ በመካነ ሰላም ሕክምናው በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ መዝገቡ እንደ ሙከራ መዝገብ እንዲያዝ እንጠይቃለን። የሄፓታይተስ ቢ ውጤት ክኒኑ ከመሰጠቱ በፊት ይጻፍ። በ12ኛው ሳምንት ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ደም፣ እርሱ ብቻ፣ ንዑስ ዝርያው እንዲለይ ወደ ማእከላዊ ቤተ ሙከራ ይላክ፤ ቍጥሩ ጥቂት ስለሚሆን ወጪው አይከብድም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከ49 ናሙና የተሻለ ምስክር ይኖረናል። በቀጠሮው ያልመጣውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱ ድረስ ሄዳ ትጠይቀው፤ እስኪገኝ ድረስ ግን ስሙ ካልዳኑት ጋር ይቈጠር።